ማን ቀድሞ አየን?

ሲኒማ ኢትዮጵያ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1888 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን ትርኢት ካሳዩ ብዙም ሳይቆይ የዳግማዊ ምኒልክ እልፍኝ የሚንቀሳቀስ ሥዕል አየ። በኋላ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የፊልም ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሸሸው። በዚህ ስም እያነሡ በአያቶቻችን የሚስቁ አሉ፤ እኔ አልስቅም። እዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚመላለሰው ሁሉ ባዕድ ነበር። የኛው መልክ ደግሞ በተገላቢጦሽ ተቀርጾ ባሕር ይሻገር ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ የውጭ የዜና ፊልም ካሜራዎች አዲስ አበባ ነበሩ። በዚያ ፊልም ውስጥ እልል የሚለው ሕዝብ ራሱን ሳያይ፣ የለንደንና የኒው ዮርክ ተመልካች ወንበሩን ደገፍ ብሎ አየው።

ከዚያ ቀን አንሥቶ ያለውን የዚህችን አገር የፊልምና የቴሌቪዥን ታሪክ ስከታተል አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። ሥዕላችንን ማን አነሣው ብቻ ሳይሆን፣ ማን ቀድሞ አየው? ጥያቄው መልክ ይዞ የሚታየው ደግሞ ብዙ ሰው በማይጠብቀው ስፍራ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአቃቂ ሜዳ ላይ ነው።

አቃቂ ያኔ ወንዝ፣ እርሻና የባቡር ጣቢያ ነበረች። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የራዲዮ ማስተላለፊያ ጣቢያ የተከለው እዚህ ነው። ጦርነቱ ሲቃረብ በጣሊያን እጅ የተሠራው ጣቢያ በጣሊያን ላይ የሚናገር አፍ ሆነ። በ1927 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ዕለት፣ ጳጉሜን 6፣ እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች በራዲዮ ንግግር አደረጉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ሰሞን ለአሜሪካ ሕዝብ ተናገሩ። ሦስት ሳምንት አልፎ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ።

አዲስ አበባ በጋዜጠኛና በካሜራ ሰው ተጨናነቀች። ሆቴሎች ሞልተው ሰው በየግቢው ድንኳን ተከለ። የአሜሪካ የዜና ፊልም ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ላኩ፤ ከሞስኮም የፊልም ቀራጺዎች መጡ። ጦር ግንባር እንዲሄዱ ስላልተፈቀደላቸው ለወራት ከተማ ውስጥ ሲንቀዋለሉ፣ የወሬ ወሬ ሲቃርሙ ከረሙ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ኢቭሊን ዎ በኋላ ሙሉ ልብ ወለድ እስኪያወጣላቸው ድረስ ነገራቸው አስቂኝ ነበር።

አቃቂ ላይ ሁለት መንገድ ይሻገራል። ቃሉ በአየር ይሄዳል፤ ቴሌግራሙ ከጣቢያው በሽቦ አልባ ተወርውሮ በዚያው ቀን አውሮፓ ይደርሳል። ፊልሙ ግን በቆርቆሮ ታሽጎ፣ ባቡር ላይ ተጭኖ፣ በዚያችው በአቃቂ ጣቢያ በኩል ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ መርከብ ተሳፍሮ፣ ሳምንታት ቆይቶ ነው ሲኒማ ቤት የሚደርሰው። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በቦምብ ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ላይ መቆማቸውን ዓለም ቶሎ ሰማ፤ ሥዕሉን ግን ቆይቶ አየ። በሁለቱ መካከል በተፈጠረው ክፍተት ጣሊያን ገባችበት። የፋሽስቱ የፊልም ተቋም ሉቼ አሥመራ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል አቋቁሞ ከጦሩ እኩል ይንቀሳቀስ ነበር። መንገድ ሲጠረግ፣ ድልድይ ሲሠራ፣ ባሪያ ነጻ ሲወጣ ያሳያል፤ የመርዝ ጋዙን አያሳይም። ኢትዮጵያ ራዲዮ ነበራት፤ ካሜራ አልነበራትም። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው የባቡር መስመር አገር ለቀው ወጡ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለመናገር ሲነሡ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ፉጨትና ስድብ አወረዱባቸው። የሩማንያው ቲቱሌስኩ «አረመኔዎቹን አስወጧቸው» ብሎ ጮኸ። ንጉሠ ነገሥቱ ጸጥታ እስኪሰፍን ንቅንቅ ሳይሉ ጠበቁ፤ ከዚያ በአማርኛ ጀመሩ። ካሜራዎቹ ቀረጹት። በዓለም የዜና ፊልም ታሪክ ደጋግሞ ከታየው አንዱ ነው፤ በአማርኛ የተነገረውን ያንን ንግግር አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ግን በወረራ ሥር ስለነበር በጊዜው አላየውም።

በወረራው ዘመን አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ተጨመረላት፤ ፊልሙ የአሸናፊው ነበር። በ1930 ዓ.ም. ቬኒስ ላይ የሙሶሊኒን ዋንጫ የወሰደው «ሉቺያኖ ሴራ ፓይለት» መደምደሚያው ላይ የሐበሻ ተዋጊዎች ባቡር ሲያጠቁ ያሳያል። የድርሰቱ ተባባሪ፣ እዚህም መጥቶ በቀረጻው የሠራ አንድ ወጣት ነበር። በኋላ «ሮም ክፍት ከተማ»ን ሠርቶ የዓለምን ሲኒማ የቀየረው ሮቤርቶ ሮሴሊኒ ነው። የሲኒማ ተማሪዎች ይህን የሥራ ዘመኑን ቶሎ ያልፉታል፤ እኛ ግን የምናልፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ከነጻነት በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ ያው ሲኒማ ቤት፣ ያው የውጭ ፊልም። በ1950ዎቹ የሕንዱ የቢርላ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር ተሻርኮ አቃቂ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲያቆም፣ በከተማው ሲኒማ ቤቶችም የሕንድ ፊልም እየተስፋፋ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ስለመኖሩ አልከራከርም፤ ግን የአቃቂ ሰው የሕንድ አለቃውን ቀን ፋብሪካ፣ የሕንድ አፍቃሪውን ማታ ሲኒማ ማየት የሚችልበት ዘመን ነበር።

1957 ዓ.ም. ሁሉም በአንድ ጊዜ የመጣበት ዓመት ነው። ጥቅምት 11 ቀን አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ የማራቶን ወርቁን ደገመ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሥዕሉ በሳተላይት ውቅያኖስ የተሻገረበት የመጀመሪያው ኦሊምፒክ ነበር፤ ጃፓኖች አበበን እየሮጠ ሳለ በቴሌቪዥን አዩት። ዳይሬክተሩ ኮን ኢቺካዋ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ፊልም የአበበን ፊት ለረጅም ጊዜ፣ ያለ ብዙ ንግግር፣ ላቡ እየተንጠባጠበ አሳየው። እዚህ አገር ግን ቴሌቪዥን የተከፈተው ጥቅምት 23 ቀን፣ ልክ አሥራ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። የንግሥ በዓሉን ለማክበር ታስቦ የተመረጠ ቀን መሆኑ ይገባኛል። ሁለት ሳምንት ቢያስቀድሙት ኖሮ ብዬ ግን አሁንም እቆጫለሁ፤ ሳተላይቱን የሚቀበል መሣሪያ እንዳልነበረን ባውቅም።

ጣቢያው በእንግሊዙ የቶምሰን ኩባንያ እገዛ በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው የተቋቋመው። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ የሚደርሰውም ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ፊቶች አንዱ ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው፣ አባባ ተስፋዬ። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን በመድረክ የሴት ገጸ ባሕርይ ሲጫወቱ የኖሩ፣ ኮሪያ ለዘመተው የቃኘው ጦርም ትርኢት ያሳዩ ሰው ናቸው። «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» እያሉ ሰላምታ ሰጥተው ተረት ሲጀምሩ ልጆች አንገታቸውን አስግገው ነበር የሚያዳምጡት። ከዚህ ትረካ ውስጥ ሥዕሉን ከሌላው ቀድሞ ያየው የኛው ልጅ የሆነበት ጊዜ ቢኖር ያ ሰዓት ነው። አባባ ተስፋዬ ሦስት መንግሥት አሳልፈው ከአርባ ዓመት በላይ ተረት አወሩ፤ በ1998 ዓ.ም. ከሥራ ተሰናበቱ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ጺም ያበቀሉ ሽማግሌዎች እንደ ልጅ አለቀሱ።

በዚያው በ1957 «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተሰኘው ጥቁርና ነጭ ፊልም ወጣ። ደራሲው ኢላላ ኢብሳ፣ ዳይሬክተሩ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነበሩ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም የሚባለው እሱ ነው። አሥር ዓመት ግድም ቆይቶ ሚሼል ፓፓታኪስ ስለ ደም መመለስ «ጉማ»ን ሠራ፤ ዛሬ የፊልም ባለሙያዎቻችን የሚሸለሙበት «ጉማ ሽልማት» ስሙን ከዚያ ወስዷል።

ወደ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ልምጣ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ ከዚያ ምሽት የሚበልጥ ምሽት የለም፤ ይመጣል ብዬም አላስብም።

እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። አውሮፓ ደነገጠ፣ እርዳታ ጎረፈ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሕዝቡ አላየውም። ደርግ ይህንን ፊልም አንሥቶ እንደገና ቀጠቀጠው። ከሲታው የወሎ ሕፃን ይታያል፤ ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ግብዣ። አስከሬን በከፈን ተጠቅልሎ ይታያል፤ ቀጥሎ ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያጎርሱ። የሚያብራራ ድምፅ አያስፈልግም ነበር፤ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ማኖር ብቻ በቂ ነው። ሩሲያዊው ኩሌሾቭ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ሁለት ሥዕል ሲገጣጠም ሦስተኛ ትርጉም እንደሚወለድ በሙከራ ያሳየውን፣ ደርግ በዘመን መለወጫ ማታ በአንድ አገር ላይ ሞከረው። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር፤ ተቀምጠው አዩት ይባላል። በማግሥቱ ማለዳ፣ መስከረም 2፣ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገቡ። የመውረጃውን ቃል ሻለቃ ደበላ ዲንሳ አነበቡ፤ አርባ አራት ዓመት የነገሡት ንጉሠ ነገሥት በሰማያዊ ቮልስዋገን ጀርባ ተቀምጠው ወጡ፣ መንገድ ዳር የተሰበሰበውም «ሌባ! ሌባ!» አለ።

ረሃቡ እውነት ነበር፤ መደበቁም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያንን ፊልም የኢትዮጵያ ሕዝብ ያየው ከዓለም ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ እንዲያየው የፈለገው ወገን በፈለገው ቀን፣ በፈለገው አቆራረጥ ነው። ለእኔ የዲምብልቢ ፊልምና የደርግ ፊልም ሁለት ፊልሞች ናቸው። ሁለተኛውን የሠሩት ሰዎች ስም ደግሞ ሲጠቀስ አልሰማሁም፤ በዚህ አገር ታሪክ የእነሱን ያህል ኃይል የነበረው የፊልም ቆራጭ ግን አላውቅም።

በዚሁ የለውጥ ጊዜ አንድ የጎንደር ልጅ ከሎስ አንጀለስ መጥቶ ገበሬ መንደር ገባ። ኃይሌ ገሪማ ይባላል። በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ግድም፣ ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎችን ይዞ «ምርት 3000 ዓመት»ን ቀረጸ። አንድ ባለርስት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ቤተሰቡ ያርሳል፤ እብድ የሚሉት ከበበ እውነቱን ይናገራል፤ በመጨረሻም ባለርስቱን ይገድላል። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ በሬው ሲያርስ ካሜራው አይቸኩልም። ያኛው የመስከረም 1 ፊልም በሰከንዶች የቆራረጠውን ጭቆና ይህኛው እስኪሰለቸን ያሳየናል፤ መሰልቸቱም ሆነ ተብሎ የተደረገ ይመስለኛል። በ1968 ዓ.ም. ሎካርኖ ላይ ተሸለመ። እንደገና ቀድሞ ያየን ውጭ አገር ነው፤ አሁን ግን ካሜራው የኛ ሰው እጅ ነበር።

ደርግ ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰ፣ የፊልም ማዕከል አቋቋመ፣ ኋላም ኮርፖሬሽን አደረገው። ከዚያ የወጡ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በጥቂት መስመር ማለፌ ስለዚህ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን መስከረም 1977 ዓ.ም. ቀለም ለበሰ። አጋጣሚው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ነበር፤ አደባባዩ በቀይ ጨርቅ አሸብርቆ በአዲሱ ቀለም ታየ።

በዚያው ሰሞን ኮረም ሜዳ ላይ ሰው ይረግፍ ነበር። ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ደረሰ፤ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ዘገባቸው ከለንደን ሲወጣ ከ400 በላይ ጣቢያዎች ተቀባበሉት። ሐምሌ 6 ቀን ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ «ላይቭ ኤይድ» ተዘፈነ። የካናዳ ጣቢያ የቀረጻት፣ ልትሞት ደቂቃዎች የቀሯት ተብላ የተነገረላት የትግራይ ሕፃን ብርሃን ወልዱ ተርፋ፣ ሰኔ 1997 ዓ.ም. ለንደን ላይ በማዶና አጠገብ መድረክ ላይ ቆመች። ያ ዘገባ ያዳነው ነፍስ ብዙ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ቢኖር አልሰማውም። ያንኑ ሥዕል ግን እስከ ዛሬ ከትከሻችን አላወረድነውም፤ በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስለ ረሃቡ ሳይጠየቅ የቀረ አይመስለኝም።

አሚን ወደ አቃቂ አቅጣጫ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ንጋት ሳይደርስ፣ ንፋስ ስልክ ያለው የጥይት መጋዘን ፈነዳ። በከተማዋ ደቡብ ያለ ሁሉ ያንን ሌሊት አይረሳውም፤ ቤት ተናወጠ፣ መስታወት ረገፈ፣ ሰው ልጁን አቅፎ በሌሊት ልብሱ ወጣ። ጦርነት የተመለሰ የመሰለው ብዙ ነው። አሚን፣ በርክና የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሊቀርጹ ሄዱ። ሌላ ፍንዳታ ተከተለ፤ ማታይ እዚያው ሞተ፣ አሚን ግራ ክንዱን አጣ። ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ካሜራውን እንደገና አነሣ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ፤ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢያስረዷቸው አልሰሙም። ነዳጁ አለቀ፤ ካፒቴኑ አውሮፕላኑን ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ አንዱ መሐመድ አሚን ነበር። ክንፉ ውኃውን ሲነካና አውሮፕላኑ ሲገለበጥ ባሕር ዳርቻ ላይ የነበረ ደቡብ አፍሪካዊ ጎብኚ በእጅ ካሜራው ቀረጸው፤ ዓለም በዚያው ሰሞን ደጋግሞ አየው። የዕለት ጎብኚ ሁሉ ካሜራ ይዞ የሚዞርበት ዘመን መምጣቱን የዚያ ቪዲዮ ያህል የነገረን የለም።

በሲኒማው በኩልም የረዳን ያው ትንሿ ካሜራ ናት። የፊልም ኮርፖሬሽኑ በ1991 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ሴሉሎይድ ውድ፣ ማጠቢያውም ውጭ አገር ነበር። በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የሕንድና የካራቴ ፊልም በሳንቲም ይታያል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወጣቶች በቪዲዮ ካሜራ ቀርጸው ሲኒማ ቤት ማሳየት ጀመሩ፤ የሄለን ታደሰ «የበረዶ ዘመን»፣ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሰልፍ አስያዙ። ባለሙያው በምስሉ ጥራት አፍንጫውን ነፋ፤ ሕዝቡ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ራሱን ቀድሞ ለማየት ትኬት ቆረጠ። በቴሌቪዥንም በኋላ «ገመና»ና «ሰው ለሰው» መጡ፤ ድራማው ሲጀምር መንገድ ጭር ይል ነበር።

ኃይሌ ገሪማ በዚህ መካከል አሜሪካ ሆኖ «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ፣ አከፋፋይ ሲነፍገው ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳይቷል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ «ጤዛ» ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት አገኘ። ሙሶሊኒ ዋንጫ የሰጠበት ያው ፌስቲቫል ነው። በቀጣዩ የካቲት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ።

የሥዕል ባለቤትነት ክርክር እቤታችን የገባው በ2006 ዓ.ም. ነው። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»፣ ስለ ጠለፋ ጋብቻ፣ አንጀሊና ጆሊን ከአዘጋጆቹ አንዷ አድርጎ ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝቶ መጣ። ነሐሴ 28 ቀን አዲስ አበባ ላይ እንግዳው ተቀምጦ ሊመረቅ ሲል የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ፤ ታሪኩ የተወሰደባት ሴት ሳትስማማ ተሠራ የሚል አቤቱታ ነበር። ኋላ ታየ። በዚያ ማታ ተበሳጭተው የወጡት ብዙ ነበሩ፤ እኔ ግን ጥያቄው ተገቢ ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ። ከዘውዱ ፊልም እስከ ኮረም ድረስ የተቀረጸው ሰው ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም፤ ፍርድ ቤት ይህን ሲያነሣ ያየነው ያን ጊዜ ነው። በቀጣዩ ግንቦት የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ።

ከዚያ ቃና ቴሌቪዥን መጣ። በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ተሞልቶ በየቤቱ ገባ፤ የፊልም ሰዎች ገበያችንን ገደለው ብለው ጮኹ፤ እናቶች ግን ሪሞቱን አልለቀቁም። አቃቂ ቃሊቲ በዚያ ጊዜ ተለውጣ ነበር። ፋብሪካዎቹ ጎን ገላን፣ ቱሉ ዲምቱና ቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቅሎ፣ በየበረንዳው ዲሽ ተንጠለጠለ። ሁሉም የሚያየው ወደ ምዕራብ ነበር፤ ናይልሳት ሳተላይት በዚያ በኩል ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት መዛወር ያዙ፤ እሱ ደግሞ በምሥራቅ ነው። ዲሽ ሠሪዎች እንደዚያ ዘመን የተፈለጉበት ጊዜ የለም። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ብሎኑን ፈትቶ ሳህኑን ቀስ እያለ ያዞራል፤ ከታች ልጅ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ቴሌቪዥኑን ያያል፤ እናቱ ከውስጥ ቃናን ብቻ እንዳያጠፋባት ታሳስበዋለች።

«አሁንስ? መጣ?»

«ድምፁ መጣ! ሥዕሉ ገና ነው!»